የአናጺው ገበታ፦ ለቤት የእንጨት ሥራ ክፍል የትኛው ማሽን ይቅደም?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱን መርጫለሁ። ሦስቱ ከዚሁ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሐረር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ተመሳሳይ ጥያቄ በመንገድም እያስቆሙ ብዙዎች ይጠይቁኛልና።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሳቢያን ነው። ከግቢዬ ጀርባ 4 ሜትር በ5 ሜትር የሆነች ባዶ ክፍል አለችኝ። ከመደበኛ ሥራዬ በተረፈኝ ጊዜ ወንበር፣ የምግብ ጠረጴዛና የቤት በር እየሠራሁ መሸጥ እፈልጋለሁ። እስካሁን የሠራሁት በእጅ መጋዝና በእጅ መላጊያ ነው። አሁን አንድ ሰው መጋዙን፣ መላጊያውንና መብሻውን አንድ ላይ የያዘ ያገለገለ ማሽን ሊሸጥልኝ ነው። ሞተሩ ባለ 3 ፌዝ ነው፤ የቤቴ ቆጣሪ ግን ባለ 1 ፌዝ ነው። ሻጩ ‹ይህን ኤሌክትሪሽያን ያስተካክለዋል› ይለኛል። ልግዛው?»

መልስ

ልጄ፣ ቀብድ ካልከፈልክ አትክፈል። ከከፈልክም ቀሪውን ከመስጠትህ በፊት ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ አንብብ። 220/380 የምትል ከሆነ ሞተሩ በ220 ቮልት ሊታሰር ይችላል፤ እንግዲያው ከባለ 1 ፌዝ መስመር ተቀብሎ 3 ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ልትገጥምለት ትችላለህ። 380/660 የምትል ከሆነ ግን በእንዲህ ያለ ኢንቨርተር የሞተሩን አቅም አታገኝም፤ ለመብራት ኃይል አመልክተህ ባለ 3 ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት ይኖርብሃል። ኢንቨርተሩም የራሱ ጠባይ አለው። ከሞተሩ ጋር በቀጥታ ይታሰራል እንጂ መሃል ላይ ማብሪያና ማጥፊያ አይገባበትም። ማሽኑ ሁለት ወይም ሦስት ሞተር ካለው ለእያንዳንዱ አንድ ኢንቨርተር ማለት ነውና ወጪውን አስበው። ሙቀቱንም አትርሳ። አብዛኛው ኢንቨርተርና ሞተር የተሠራው አካባቢው እስከ 40 ዲግሪ ቢሞቅ እንዲችል ታስቦ ነው፤ በሰኔ ቀትር በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለች የሳቢያን ክፍል ያንን ታልፋለች። «ኤሌክትሪሽያን ያስተካክለዋል» ማለት በካፓሲተር ማስነሳት ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል፤ ቶሎም ይግላል።

ለአንተ ክፍል ባለ 1 ፌዝ፣ 2 የፈረስ ጉልበት ወይም 1.5 ኪሎዋት የሆነ ሞተር ይበቃሃል። ሲሠራ 10 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ሲነሳ ግን ለአፍታ የዚህን አምስትና ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ከቆጣሪው ሥር ራሱን ከቻለ ብሬከር ተነስቶ ወደዚያች ክፍል ብቻ የሚሄድ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል አዘርጋ፤ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ ባለ 4 ይሁን። የመሬት ሽቦው አይቅር። ከሳሎን ሶኬት በቀጭን ማራዘሚያ የሚነሳ ማሽን ሲነሳ ያቃስታል፣ እንጨት መሃል ላይ ይደክማል፣ ገመዱም እንደ ምጣድ ይግላል።

የመብራቱ ጉዳይ ቢፈታ እንኳ ያን ማሽን ለአንተ አልመርጠውም። ከእንዲህ ዓይነቱ ሁሉን አንድ ላይ ከያዘ ማሽን ጋር 3 ዓመት ሠርቻለሁና ምክንያቴን ልንገርህ። መጋዙን ለወንበር እግር በልኩ አስተካክለህ ሦስት እግር ቆርጠሃል እንበል። አራተኛው ላይ ቋር ይወጣና ሌላ ጣውላ መላግ ያስፈልግሃል። እንጨቱ ተጠግቶ የሚገፋበትን ማስደገፊያ ትነቅላለህ፣ ዲስኩን ታወርዳለህ፣ ወደ መላጊያው ትዞራለህ፤ ስትመለስ የመጀመሪያውን ልክ በትክክል አታገኘውም። አራተኛው እግር ከሦስቱ በግማሽ ሚሊሜትር ይለያል። ወንበር ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትርን ይቅር አይልም፤ ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት ይናገራል።

ይልቅ የምትሠራውን እንመልከት። ወንበር፣ ጠረጴዛና በር ብለኸኛል። ተፈጭቶ ከተጨመቀ እንጨት የሚሠራ የኤምዲኤፍ ቁም ሣጥን ወይም የቺፕውድ ኩሽና ብትለኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። አንተ የምትሠራው ከሙሉ እንጨት፣ ምናልባትም ከዋንዛ ወይም ከግራቪሊያ ነው። ከጣውላ ተራ የምታመጣው እንጨት ደግሞ ጎብጦና ተጣምሞ፣ ውፍረቱም አንዱ ጫፍ ከሌላው እየተለያየ ነው የሚደርስህ። እስካሁን በእጅ መላጊያ ወገብህን ያጎበጠህ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገዛው እንጨትን ቀጥ የሚያደርግ ማሽን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መላጊያ ማሽን ሁለት ዓይነት ነው። ፕላነር የምንለው አንዱን ፊት ጠፍጣፋ፣ አንዱን ጠርዝ ደግሞ ለዚያ ፊት ቀጥ ያለ ያደርጋል። ቲክነስ የምንለው ሁለተኛውን ፊት ከመጀመሪያው ጋር እኩል አድርጎ ውፍረቱን ያወጣል። ቲክነስ ብቻ የገዛ ሰው ተጣማሚ ጣውላ ሲያስገባ ሮለሮቹ ጣውላውን ተጭነው ያቀኑታል፤ ምላጩ ይልገዋል፤ በሌላኛው በኩል ሲወጣ ግን ተመልሶ ይጣመማል። የሚያገኘው ለስላሳ የሆነ ጠማማ ጣውላ ነው። ለዚህ ሲባል ሁለቱን በአንድ አካል የያዘውን፣ ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ግዛ። ሁሉን አንድ ላይ ከያዘው ማሽን አርቄህ ይህን የምመክርህ ሁለቱ ሥራዎች ሁልጊዜ ተከታትለው ስለሚመጡ ነው፤ ቅድም ያልኩት መመላለስ እዚህ የለም።

ቀጥሎ ባንድሶ (እንደ ቀበቶ የሚዞር ቀጭን ላማ ያለው መጋዝ)፣ ከዚያ በኋላ የጠረጴዛ መጋዝ። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ቅደም ተከተሉን በዚህ አይስማሙበትም፤ መጋዙ ይቅደም ይላሉ። እኔ ግን የዋንዛን ዋጋ አውቃለሁ። የጠረጴዛ መጋዝ ዲስክ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊሜትር ያህል ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል፤ የባንድሶ ላማ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወፍራም ጣውላን ለሁለት ሰንጥቆ የበር መሙያ ማውጣት ለባንድሶ ቀላል ነው። የወንበር ጀርባን ጉብጠትም ይቆርጥልሃል። ከሁሉም በላይ ላማው እንጨቱን ወደ ታች፣ ወደ ገበታው ስለሚጫነው መልሶ ወደ ሆድህ አይወረውርብህም። የጠረጴዛ መጋዝ ይወረውራል። እርሱን በምትገዛበት ቀን ከዲስኩ ጀርባ የሚቆመው ስስ ብረት መኖሩን ሳታይ አትክፈል፤ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ የሚያደርገው እርሱ ነው። ያገለገሉ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ ተነቅሎ ጠፍቷል።

አሁን ወደ ክፍልህ እንግባ። የበር ቋሚ 2 ሜትር ከ10 ነው። ፕላነሩ ላይ ስታሳልፈው ከምላጩ በፊት 2.10፣ ከምላጩ በኋላ 2.10 ይፈልጋል፤ አንተ የምትቆምበት 60 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 4.80 ይሆናል። በ5 ሜትር ክፍል 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይተርፍሃል። ስለዚህ ፕላነሩን ከክፍሉ በር ጋር በአንድ መስመር አስቀምጠው፤ ረዥሙ እንጨት በበሩ ወደ ግቢ ይውጣ። ባንድሶው ጥግ ላይ ይችላል። ባለ 122 በ244 ኮምፔንሳቶ ከመጣልህ ደግሞ ከትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ ጋር ብቻህን አትታገል፤ መሬት ላይ ሞራሌ አንጥፈህ፣ ቀጥ ያለ ጣውላ አስረህበት በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ (ሰርኩላር) ቁረጠው።

ማሽኑ ሲመጣ በዚያው ቀን እንጨት አታስገባበት። የእንጨት ሥራን የተማርኩት ከአጎቴ ነው፤ በምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የፉርጎ ወለልና አግዳሚ ሲጠግን የኖረ ሰው ነበር። አዲስ ማሽን ፊት የመጀመሪያውን ቀን በስኳድራና በማስመሪያ ብቻ ያሳልፍ ነበር። መጀመሪያ ገመዱን ንቀል። ከዚያ በውሃ ልክ ገበታውን አስተካክል፤ አንዱ እግር የሚንገጫገጭ ከሆነ ከሥሩ ቆርቆሮ አስገባ። የፕላነር ገበታ ሁለት ነው፤ እንጨቱ የሚገባበትና የሚወጣበት። የሚወጣበት ከምላጮቹ ከፍተኛ ጫፍ ጋር ልክ እኩል መሆን አለበት። ገበታው ከፍ ካለ እንጨቱ ጠርዙ ላይ ይደናቀፋል፤ ዝቅ ካለ እያንዳንዱ ጣውላ መጨረሻው ላይ ጎድጎድ ብሎ ይወጣል።

ማስደገፊያው 90 ዲግሪ መሆኑን ስኳድራ ይነግርሃል፤ እኔ ግን እንጨቱን ራሱን ብትጠይቀው እመርጣለሁ። ሁለት ጣውላ ጠርዛቸውን ላግ። አንዱን ገልብጠህ ጠርዝ ለጠርዝ ግጠማቸውና ማስመሪያ አጋድምባቸው። ማስደገፊያው በግማሽ ዲግሪ ከተሳሳተ እዚህ አንድ ዲግሪ ሆኖ ይታይሃል፤ ከማስመሪያው ሥር ብርሃን ያልፋል። ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ አስተካክል። አጎቴ ይህን በቀን መጀመሪያ ሁሉ ያደርገው ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ አደርገዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ጣቴ ልንገርህ። በ1984 ዓ.ም. በሰው ወርክሾፕ ተቀጥሬ ስሠራ 20 ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቁራጭ በፕላነር ላይ ገፋሁ። የምላጩ መሸፈኛ «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ተነቅሎ ነበር። ቁራጯ ተፈናጠረች፤ እጄ ግን መግፋቱን ቀጠለ። የግራ እጄ የቀለበት ጣት ጫፍ የለም። ከ30 ሴንቲ ሜትር ያጠረ እንጨት በማሽን አይላግም፤ ረዥም ሆኖ ይላግና ከዚያ ይቆረጣል። መሸፈኛው የሌለውን ማሽን በነጻ ቢሰጡህ እንኳ መሸፈኛ ሳታሠራለት አታስነሳው። ጓንትም አታድርግ፤ ጨርቁን ምላጩ ከያዘው እጅህን ይዞ ይገባል።

ስለ እንጨቱም አንድ ቃል። በክረምት ከደጋ የወረደ ጣውላ ገዝተህ በሳምንቱ በር አትሥራበት። እኔ ከሐረር በኩል ያመጣሁትን ዋንዛ ሳላሳርፍ ቁም ሣጥን ሠርቼበት በጥር ወር መሙያዎቹ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቁ፤ ገንዘቡን መልሼ ሌላ ሠራሁ። ሐረር ከባሕር ወለል 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ ድሬዳዋዎች ወደ 1,200 ነን። የደንገጎን ቁልቁለት ሲወርድ የሚቀበለው ደረቅ ሙቀት እንጨቱን ያጠብበዋል። እርጥብ ጣውላ ለእያንዳንዱ ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መድረቂያ ይፈልጋል። ደርቋል የተባለውንም ቢሆን በጣውላዎቹ መሃል ቀጫጭን እንጨት እያስገባህ፣ በዚያችው ክፍል ጥላ ሥር ለጥቂት ወራት ደርድረው።

ጥያቄ

«በሐረር ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው። የቁርኣን ማስቀመጫ ረሀልና የተቀረጸ ትንንሽ ሣጥን እሠራለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ የጠረጴዛ መጋዝ ልላክልሽ ይለኛል። እዚህ አገር ይሠራልኝ ይሆን?»

መልስ

እህቴ፣ ሥራዎ ደስ ይላል። ረሀልን ከሁለት ጣውላ በማጠፊያ ብረት ሳይሆን ከአንድ ጣውላ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ ባርኔጣዬን አንስቼ ነው የምጽፍልዎት። መሃሉ ላይ ጥርሶቹን በመሮ ፈልፍሎ፣ ከሁለቱም ጫፍ በውፍረቱ ሰንጥቆ፣ ያለ አንዲት ምስማር እንዲከፈትና እንዲታጠፍ ማድረግ ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፤ ኸርዙን ግን አያስተካክለውም። ስለዚህ ወንድምዎን ሞተሩ ካርቦን ብሩሽ ያለው መሆኑን ይጠይቁት። ካለው ኸርዙ አያሳስብዎትም፤ እንዲህ ያሉት ግን 1,800 ዋት ያህል ስለሚስቡ ቢያንስ ባለ 3,000 ዋት ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ እርሱ ራሱ ከባድ ሸክም ነው። ብሩሽ የሌለው ሞተር ከሆነ ደግሞ እዚህ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ከልክ በላይም ይሞቃል።

እኔን ካማከሩኝ ግን የቮልቱ ጉዳይ ሁለተኛ ነው። ለእርስዎ ሥራ የጠረጴዛ መጋዝ አያስፈልግም። ትንንሽ ቁራጭ ይዞ ወደ ዲስክ መቅረብ አደገኛ ነው፤ የእርስዎ ቁራጮች ደግሞ ሁሉም ትንንሽ ናቸው። ረሀልን በውፍረቱ መሰንጠቅ በትክክል የባንድሶ ሥራ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን፣ 220 ቮልት የሆነ ትንሽ ባንድሶ እዚሁ ይግዙ። የጁገልን ጠባብ መንገድ ያውቁታል፤ ከሸዋ በር ወይም ከፈላና በር ገብቶ እስከ ቤትዎ መኪና የማይደርስ ከሆነ ክብደቱ የሚመዘነው በሰው ትከሻ ነው። ድምፁም ከጎረቤት ጋር አያጣላዎትም። ወንድምዎ መላክ ከፈለገ ጥሩ መሮዎችንና መሳያ ድንጋይ ይላክልዎ፤ እነርሱ ቮልት አይጠይቁም።

ጥያቄ

«የጠረጴዛ መጋዝ የምገዛበት አቅም የለኝም። በብረት መቁረጫው በግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ ገጥሜ ጣውላ እሰነጥቃለሁ። ብዙ ሰው እንዲህ ይሠራል። ምን ትመክረኛለህ? ከገንደ ቆሬ»

መልስ

ዛሬውኑ አውልቀው። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ትልቁን ባለ 180 ሚሊሜትር ዲስክ ለመግጠም መከላከያውን ስትነቅል የጥርሶቹ ፍጥነት በሰከንድ ከ100 ሜትር ይበልጣል፤ ይህ ከጠረጴዛ መጋዝ እጥፍ ያህል ነው። ገበታ የለው፣ የሚያሳርፈው ወለል የለው፣ ጥርሱ ቋር ሲነክስ የሚይዘው ያንተ ክንድ ብቻ ነው። ሲዘል ወደ ጭንና ወደ አንገት ነው የሚዘለው። በዚህ ምክንያት የተጎዱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ብዙ ሰው መሥራቱ አያድንህም። ለጠረጴዛ መጋዝ እስክትደርስ በእጅ የሚያዝ ሰርኩላር ግዛ፤ ዋጋው ከጥሩ ግራይንደር እጅግ አይርቅም፤ ዲስኩን የሚሸፍን ተመላላሽ መከላከያ አለው። እስከዚያው በእጅ መጋዝ ሥራ። ከጫት በኋላም ማንኛውንም ማሽን አትንካ፤ በምርቃና ጊዜ እጅ ከዓይን ይቀድማል።

ጥያቄ

«ልጄ በግቢያችን ውስጥ የእንጨት ማሽን ተክሎ ይሠራል። እንጀራው ስለሆነ አልከለክለውም። ነገር ግን ብናኙ ቤት ይገባል፤ ታናሽ እህቱም አስም አለባት። ቤታችን ከደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነው። ምን ይደረግ?»

መልስ

እናቴ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። የእንጨት ብናኝ ለረዥም ዓመታት ሲተነፍሱት ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ የተመደበ ነው፤ ለአስም ታማሚ ደግሞ የዚያኑ ቀን ያስቸግራል። የሚጎዳው መሬት ላይ የምታዩት ሰጋቱራ ሳይሆን በፀሐይ ጨረር ውስጥ ሲንሳፈፍ የሚታየው ድቃቂው ነው። ብዙው የሚወጣው ከብርጭቆ ወረቀትና ከማለስለሻ ማሽን ነው። ኤምዲኤፍ ከሆነ ይብሳል።

ልጅዎ ብናኝ የሚስብ ማሽን ይግዛ፤ ቱቦው 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከማሽኑ አፍ ጋር የተያያዘ ይሁን። አቅም እስኪፈቅድ ድረስ ማለስለሱን ነፋሱ ከቤቱ ወደ ውጭ በሚነፍስበት ሰዓት ከግቢው ጥግ ያድርገው። ማለዳ ቢሠራ ለእርሱም ይሻለዋል፤ ቀትር ላይ ኮላው ሳይገጣጠም ይደርቅበታል፣ ጎረቤትም በዚያ ሰዓት ጋደም ይላል። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ አይጥረግ፤ ውሃ አርከፍክፎ ይጥረግ። በአየር ፓምፕ መንፋትን ግን ፈጽሞ ይከልክሉት፤ የወደቀውን ሁሉ መልሶ ያስነሳዋል። የሥራ ልብሱን ከመኝታ ቤት ውጪ ያውልቅ። ለአፍና አፍንጫው ደግሞ ተራ ጨርቅ ሳይሆን ኤፍኤፍፒ2 የተጻፈበት ጭንብል ያድርግ። ለጆሮው መሸፈኛ አይርሳ፤ የፕላነር ጩኸት በየቀኑ ሲሰሙት የመስማት ኃይልን ቀስ በቀስ ይበላል።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ ለደቻቱ ቅርብ ነው ብለውኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፉ በሌሊት ምን እንዳደረገ እናንተው ታውቃላችሁ። ልጅዎ ሶኬቶቹንና ብሬከሩን ከወገብ በላይ ከፍ አድርጎ ያሠራቸው፤ ሞተራቸው መሬት አጠገብ የሆኑትን ማሽኖች ኮንክሪት መቆሚያ ላይ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ማታ ማታ ዋናውን ብሬከር አውርዶ ይተኛ።